ገምጋሚዎች ባሉበት ቀን የቃጠሎ ቡድኑን ሳምንታዊ ስብሰባ እንዴት እንያዘው? አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

አሜሪካ ውስጥ የቃጠሎ ሕክምና ማዕከል ብቃቱን የሚያረጋግጠው የአሜሪካ በርን አሶሴሽን (የቃጠሎ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር) ከአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ጋር በጋራ ባቋቋሙት ፕሮግራም ነው። ማረጋገጫው ሦስት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ እንደገና መገምገም አለ። ከመስፈርቶቹ አንዱ የተለያየ ሙያ ያላቸው የቡድኑ አባላት በየሳምንቱ ተቀምጠው ስለ ታካሚዎቻቸው መነጋገራቸው፣ የተነጋገሩትም ተጽፎ መገኘቱ ነው። እንግዲህ ገምጋሚዎቹ ሲመጡ ይህን ስብሰባ እናሳያቸው ወይስ ቃለ ጉባኤው ይበቃቸዋል? ብናሳያቸውስ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ክፍል፣ ስንት ታካሚ ይዘን? ይህ ጥያቄ የፕሮግራም አስተባባሪዋን ለሳምንታት እንቅልፍ ይነሣታል።

ሆስፒታሎችን በአጠቃላይ የሚገመግመው ጆይንት ኮሚሽን ሳያስታውቅ ከች የሚል ነው። የቃጠሎው ግምገማ ግን ቀጠሮ አለው። ቀኑ አስቀድሞ መታወቁ ለዝግጅት ይመቻል፣ ለማስመሰልም እንዲሁ። ከታች ካሉት አማራጮች መካከል ሁለቱ የሚበላሹት በዚሁ ሁለተኛው ምክንያት ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እናስታውቅ፦ ሰዓቶቹ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው። ጠዋት 8 ስንል የእኛ 2 ሰዓት ነው። ቡድኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ሐበሻ ካለ በቃል «ነገ 2 ሰዓት» ብሎ መቀጣጠር ምን እንደሚያመጣ ታውቁታላችሁ፤ የጉብኝቱን ሰዓት በጽሑፍ ብቻ ተለዋወጡ።

ገምጋሚው ስብሰባው ላይ ምን ያያል?

የሚመጡት ሰዎች ራሳቸው ቃጠሎ የሚያክሙ ናቸው። ስለዚህ የስላይዱ ቀለምም ሆነ የክፍሉ ስፋት አያስደንቃቸውም። የሚያዩት ሌላ ነው። ከቀዶ ሐኪሙ ሌላ የሚናገር ሰው አለ? ፊዚዮቴራፒስቷ አንድ ነገር ስትል የሐኪሙ ዕቅድ ይለወጣል ወይስ «እሺ፣ ቀጥሎ» ተብሎ ይታለፋል? ባለፈው ሳምንት የተባለው ነገር ተሠራ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ? ከስብሰባው በኋላ ደግሞ አልጋው አጠገብ ሄደው የታካሚዋን ነርስ «የዚህ ሳምንት ግቧ ምንድን ነው?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ነርሷ የምትሰጠው መልስ ስብሰባው ላይ ከተባለው ጋር ካልገጠመ፣ ስብሰባው የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም።

አማራጭ አንድ፦ ስብሰባውን በመደበኛ ቀኑ መተው

ሳምንታዊ ስብሰባችሁ ማክሰኞ ከሆነና ጉብኝቱም ማክሰኞን የሚነካ ከሆነ ሌላ ምርጫ መፈለግ ድካም ነው። ሰዉ የለመደው ሰዓት፣ የለመደው ወንበር፣ የለመደው ቅደም ተከተል አለ። የጉብኝቱ ቀን ገና ካልተቆረጠ ደግሞ የስብሰባችሁን ቀን ለሚያቀናጁት ሰዎች ቀድማችሁ ንገሩ። ብዙ ማዕከል ይህን ሳያነሣ ቀን ይቀበልና በኋላ ስብሰባ ሲያጓትት ይከርማል።

ድክመቱ አንድ ነው፤ መደበኛው ስብሰባ ደካማ ከሆነ ደካማነቱ ይታያል። ሦስት ሰው ብቻ የሚገኝበት፣ ፋርማሲስቱ በወር አንዴ ብቅ የሚልበት ስብሰባ በዚያ ቀን አሥራ አምስት ሰው ሲሞላው ገምጋሚው የቀደሙትን የመገኘት ፊርማዎች ገልጦ ማመሳከር አያቅተውም። መፍትሔው የፊርማ ወረቀቱን ከአራት ወር በፊት አይቶ የጎደለውን ሙያ ከኃላፊው ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ የማትመጣው ስብሰባው ከሌላ ክፍል ዙር ጋር ስለሚጋጭባት ከሆነ፣ ሠላሳ ደቂቃ ማንሸራተት ከአሥር የማሳሰቢያ ኢሜይል ይበልጣል።

አማራጭ ሁለት፦ ስብሰባውን ወደ ጉብኝቱ ቀን ማዛወር

ብዙዎች የሚመርጡት ይህን ነው፣ እኛም ጉብኝቱ ከመደበኛው ቀን ጋር ካልገጠመ የምንመክረው እሱን ነው። ሁኔታ ግን አለው። ሐሙስ የነበረውን ስብሰባ ለአንድ ሳምንት ብቻ ወደ ማክሰኞ ብታመጡት የሚሆነው ይታወቃል፦ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ (የእጅና የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴን የምታለማምደው ባለሙያ) ማክሰኞ የተመላላሽ ታካሚዎች ክሊኒክ አለባት፣ ሶሻል ወርከሩ ማክሰኞ ሌላ ሕንፃ ነው፣ አንደኛው ቀዶ ሐኪም ደግሞ ቀዶ ጥገና ክፍል ነው። የሚመጡት ተተኪዎች ታካሚዎቹን አያውቋቸውም።

ስለዚህ ካዛወራችሁ ቢያንስ አራት፣ ቢቻል ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ አዛውሩ። በአዲሱ ቀን አራት ጊዜ ከተደረገ በኋላ ግጭቶቹ ሁሉ ወጥተው ይታያሉ፣ ሰዉም ፕሮግራሙን ያስተካክላል። ገምጋሚው «ሁልጊዜ ማክሰኞ ነው የምትሰበሰቡት?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ሳይሸፋፈን «ሐሙስ ነበር፣ ከስድስት ሳምንት ወዲህ ማክሰኞ ነው» ይሁን። ይህን በመናገር ነጥብ የሚቀነስበት የለም። ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ መልስ ሲሰጥ ግን ገምጋሚው ሌላውንም መጠርጠር ይጀምራል።

አማራጭ ሦስት፦ ለጉብኝቱ ተብሎ የሚዘጋጅ ልዩ ስብሰባ

ውጤታቸው ያማረ አራት ታካሚዎች ይመረጣሉ፣ ስላይድ ይሠራል፣ እያንዳንዱ ባለሙያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሰጠዋል፣ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ልምምድ ይደረጋል። ከውጭ ሲያዩት ንጹሕ ነው። እኛ ግን ከአምስቱ የመጨረሻውን ደረጃ የምንሰጠው ለዚህኛው ነው።

ምክንያቱም ማንም ጥያቄ አይጠይቅም። ሁሉም ተራውን ጠብቆ የያዘውን ይልና ሐኪሙን ያያል። ገምጋሚው መሐል ገብቶ «ይህቺ ታካሚ ሌሊት ላይ ስፕሊንቷን (የመገጣጠሚያ መደገፊያዋን) ታደርጋለች?» ቢል ልምምድ ላይ ያልነበረ ጥያቄ ነውና ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሌላም አለ፤ ውጤታቸው ያማረ ታካሚዎች ላይ ቡድኑ የሚወስነው ነገር ስለሌለ ስብሰባው ሪፖርት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህ መልክ ትርጉም የሚኖረው በአንድ ሁኔታ ነው፤ በዚያ ሳምንት ክፍሉ ውስጥ የተኛው ሰው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሲሆን። ያኔ በቅርቡ የወጡ አንድ ሁለት ታካሚዎችን ጨምሩ፤ ሲጀመር ግን «እነዚህ ሁለቱ ከወጡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል፣ ለውይይት ነው ያመጣናቸው» በሉ። ያልተሳካ ነገር ያለበትን ምረጡ፦ ግራፍቱ (የተተከለለት ቆዳ) ያልያዘለት፣ ወይም ከወጣ በአምስተኛው ቀን ኢንፌክሽን ይዞ የተመለሰ።

አማራጭ አራት፦ በአልጋ አጠገብ የሚደረግ የቡድን ዙር

አንዳንድ ማዕከል ቁጭ ብሎ ከመወያየት ይልቅ መላው ቡድን ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞረ ይነጋገራል። ለገምጋሚ ይህ ሕያው ነው፤ ቁስሉ አለ፣ ፓምፑ አለ፣ ታካሚውም ራሱ «ትናንት ክንዴን ማንሣት አልቻልኩም» ይላል። ቤተሰብ ካለም ይሰማል።

ችግሩ ቦታና ንጽህና ነው። አሥር የቡድን አባል፣ ሦስት ገምጋሚና እንግዳ፣ ሁለት ተማሪ ሲደመር አሥራ አምስት ሰው ነው። የቃጠሎ ክፍል በር ላይ ጋውንና ጓንት ለብሶ ለመግባት እያንዳንዱ ሰው ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድም ያወልቅና እንደገና ይለብሳል። ለስምንት ታካሚ ይህ ብቻውን የስብሰባውን ሰዓት ይበላዋል። አንድ ሰው ቸኩሎ እጁን ሳያጸዳ ከገባ ደግሞ ያንን የሚያየው ገምጋሚው ነው። በሩ ላይ ቆሞ መነጋገርም መፍትሔ አይደለም፤ የታካሚው ነገር ኮሪደር ላይ ይሰማል፣ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1996ቱ የጤና መረጃ ሕግ ከሒፓ ጋር ያጋጫል።

ከዚህ አማራጭ ጥሩውን ወስዶ መጥፎውን የሚተው መንገድ አለ። ውይይቱ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይደረግ፣ ከዚያ አንድ ገምጋሚ፣ ነርሷና ቴራፒስቷ ብቻ ሁለት ታካሚዎች ጋ ይግቡ። ታካሚዎቹ በዋዜማው ተጠይቀው የፈቀዱ ይሁኑ። የድሬሲንግ (የቁስል መሸፈኛ) ለውጥ ሰዓታቸው ከጉብኝቱ ጋር የማይጋጭባቸውን ምረጡ፤ ገና ከሕመም ማስታገሻው ያልነቃ ሰው ፊት ቆሞ ጥያቄ መጠየቅ ለማንም አይጠቅምም።

አማራጭ አምስት፦ የጥራት ማሻሻያ ስብሰባውን ማሳየት

ይህ ከታካሚ እንክብካቤ ስብሰባው የተለየ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ መጨፍለቅ ደግሞ የተለመደ ስህተት ነው። በጥራት ስብሰባው የሚነሡት ሞት፣ ያልታሰበ ጉዳት፣ የተጓተተ ሕክምናና ከመመሪያ የወጣ አሠራር ናቸው። ገምጋሚዎች የሚፈልጉት ክፍተቱ መገኘቱን ብቻ አይደለም፣ መዘጋቱን ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 80 ኪሎ የሚመዝን፣ ከሰውነቱ ቆዳ 40 ከመቶው የተቃጠለ አዋቂ ገባ እንበል። የተቃጠለ ሰው የሚሰጠውን ፈሳሽ በምናሰላበት በፓርክላንድ ቀመር የመጀመሪያው 24 ሰዓት ፈሳሽ 4 ሚሊ ሊትር × ክብደት × የተቃጠለው ከመቶ፣ ማለትም 4 × 80 × 40 ነው፤ 12,800 ሚሊ ሊትር። ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ይሰጣል፣ ሰዓቱም የሚቆጠረው ከተቃጠለበት ጊዜ ጀምሮ ነው። የአሶሴሽኑ የሥልጠና ትምህርት ደግሞ አዋቂን በ4 ሳይሆን በ2 ሚሊ ሊትር ጀምሩ ይላል፤ ይህም ለዚህ ሰው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት በሰዓት 400 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከዚያ በኋላ መሪው ሽንት ነው። ለ80 ኪሎ ሰው በሰዓት 40 ሚሊ ሊትር ገደማ በቂ ነው። አሁን የመዝገቡ ገጽ ሲታይ ሽንቱ አራት ሰዓት በተከታታይ 90 ነበር፣ ፈሳሹ ግን አልተቀነሰም። ክፍተቱ ይሄ ነው። «ነርሶች ተመክረዋል» ብሎ የሚያበቃ ቃለ ጉባኤ ግን አልዘጋውም። «የሰዓት መከታተያ ቅጹ ላይ ሽንት ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ከግብ በላይ ሲሆን ፈሳሹ እንዲቀነስ የሚል መስመር ገባ፤ በቀጣዮቹ አሥር ታካሚዎች ላይ ተቆጠረ፤ በዘጠኙ ተፈጽሟል፣ አንዱ ላይ ያልተፈጸመበት ምክንያት ይኸው» የሚለው ግን ዘግቶታል።

ታዲያ ይህን ስብሰባ ገምጋሚ ፊት እናድርገው ወይ? በአብዛኛው አያስፈልግም፤ ቃለ ጉባኤውና ተከታዩ ልኬት ከሰዉ ንግግር የበለጠ ይናገራሉ። ብታሳዩ ግን በብዙ ግዛቶች የእንዲህ ያለ ውይይት መዛግብት የተለየ የሕግ ጥበቃ ስላላቸው ማን ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ፣ ማን የሚስጥር ጥበቃ ፊርማ ይፈርም የሚለውን ከሆስፒታሉ የሕግ ክፍል ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ። በዚያው ጠዋት የሚጠየቅ ነገር አይደለም።

ሰዓቱን መምረጥ

ከጠዋቱ 7 እስከ 7:30 የነርሶች ርክክብ ነው። ከ7:30 ጀምሮ ቀዶ ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ክፍል ናቸው። ከ8 እስከ 11 ገደማ ደግሞ ድሬሲንግ የሚለወጥበትና ቁስል የሚታጠብበት ሰዓት ነው፤ ነርሶችና ቴራፒስቶች እዚያ ናቸው፣ ታካሚው መድኃኒት ወስዶ ተዘጋጅቷልና «ቆይ ስብሰባ አለ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ የጠዋት ስብሰባ ሲመረጥ የሚጎዳው ድሬሲንጉ ነው፣ ወይም ደግሞ ነርሷ ከስብሰባው ትቀራለች። ነርሷ ከቀረች ስብሰባው ስለ ታካሚው ሌሊት የሚያውቅ ሰው የለበትም።

እኩለ ቀን ምሳ ቢቀርብም ዕረፍት የሚወጡትን የሚተካ ሰው ያንሳል፤ አንድ ደወል ሲደወል ግማሹ ክፍል ይነሣል። ከቀኑ 1 ሰዓት ወይም 1:30 ይሻላል። ድሬሲንጉ አልቋል፣ የጠዋቱ ቀዶ ጥገና ተጠናቋል ወይም ቢያንስ አንዱ ቀዶ ሐኪም ነፃ ነው፣ ላቦራቶሪውም ደርሷል።

ጉብኝቱ ከአንድ ቀን በላይ ከሆነስ? የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ይሁን እንላለን። ገምጋሚዎቹ ጠዋት ቻርት (የታካሚ መዝገብ) ማየት ጀምረዋልና ታካሚዎቹን በጥቂቱ ያውቃሉ፣ ውይይቱን መከተል ይችላሉ። ስብሰባው ላይ አንድ ሰነድ ቢጠየቅ ደግሞ እስከ ነገ ጠዋት ፈልጎ የማቅረቢያ ጊዜ አለ። ፈልጎ ማቅረብ ነው ያልነው። የጎደለ ማስታወሻ ካለ የዛሬ ቀንና ሰዓት ተጽፎበት «ዘግይቶ የተጻፈ» ተብሎ ይገባል እንጂ ባለፈው ሳምንት ቀን አይጻፍም። የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የተጻፈበትን ደቂቃ ይዞ ይኖራል፣ ገምጋሚውም ያንን ማየት ያውቃል።

ከመውጫው ገለጻ በፊት ባለው ሰዓት ስብሰባ አትያዙ። ገምጋሚዎቹ ግኝታቸውን የሚያሰናዱት ያኔ ነው።

አንድ ሰዓት እንዴት ይከፈላል?

12 ታካሚ በ60 ደቂቃ ማለት ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ነው፤ በተግባር ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት አርባ ደቂቃ ይወስዱና የቀሩት ዘጠኙ በስም ብቻ ይጠራሉ። የሚሻለው ይህ ነው፦ አምስት ደቂቃ ያለፈው ሳምንት የተባሉት ነገሮች ተሠሩ ወይ ለማየት፣ ለሁለት ከባድ ታካሚዎች ስምንት ስምንት ደቂቃ፣ ለስምንት ሌሎች አራት አራት ደቂቃ፣ ሰባት ደቂቃ ደግሞ መጠባበቂያ። ይህ አሥር ታካሚ ነው። ከዚያ በላይ ካለ የቀሩት በማግስቱ በመደበኛው የቀን ዙር ይታያሉ፣ ይህም ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፋል። ከባዶቹን መጀመሪያ አታድርጓቸው፤ ሦስተኛና አራተኛ ይሁኑ፣ ዘግይቶ የሚገባው ቀዶ ሐኪም እንዲደርስባቸው።

መሪው ማን ይሁን? ቀዶ ሐኪሙ ሲመራ ሌላው ዝም ይላል። ነርስ አስተባባሪዋ ብትመራና ቅደም ተከተሉ ከነርስ ወደ ቴራፒ፣ ወደ ሥነ ምግብ፣ ወደ ፋርማሲ፣ ወደ ሶሻል ወርክ ሄዶ ሐኪሙ ላይ ቢያበቃ ውይይቱ ይለወጣል። ይህን ግን በጉብኝቱ ቀን አትጀምሩት፤ ሐኪሙ ከልማዱ የተነሣ መሐል እየገባ ይመራዋል፣ ሁለት መሪ ያለው ስብሰባም ያስቃል።

አንድ ታካሚ በስምንት ደቂቃ

36 ከመቶ የተቃጠለ፣ 70 ኪሎ፣ ከገባ 12ኛ ቀኑ፣ ቀኝ ብብቱና ደረቱ ላይ ግራፍት የተደረገለት፣ ሐሙስ እንደገና ቀዶ ጥገና የሚገባ ሰው እንውሰድ።

ነርሷ፦ ሌሊት ስፕሊንቱን ሁለት ጊዜ አውልቆታል፣ ብብቱ ስር ይጫነኛል ይላል። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ፦ ባለፈው ሳምንት ክንዱን ወደ ጎን 110 ዲግሪ ያነሣ ነበር፣ ዛሬ 80 ነው፤ ብብት ላይ ኮንትራክቸር (ጠባሳ መገጣጠሚያውን ሲያኮማትረው) የሚጀምረው እንዲህ ነው። ፋርማሲስቱ፦ ማስታገሻው በቱቦ የሚሰጠው 9 ሰዓት ነው፣ ልምምዱም 9 ሰዓት ነው፤ ገና ሥራውን ሳይጀምር ነው ክንዱ የሚሳበው። መድኃኒቱ 45 ደቂቃ ይቅደም። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ፦ ባለፈው ቀዶ ጥገና ምግቡ ከእኩለ ሌሊት እስከ 11 ሰዓት ቆሞ ነበር። በሰዓት 75 ሚሊ ሊትር ከሆነ 825 ሚሊ ሊትር ቀርቶበታል፣ በሚሊ ሊትር 1.5 ካሎሪ ባለው ፎርሙላ 1,240 ካሎሪ ገደማ ማለት ነው፣ ክብደቱም እየወረደ ነው። ሐሙስስ? የአንስቴዥያ ሐኪሙ፦ የቀዶ ጥገናው ተራ ሁለተኛ ስለሆነ ከእኩለ ሌሊት መቆም የለበትም፣ የሚቆምበትን ሰዓት ረቡዕ ማታ እኔ እጽፋለሁ። ሶሻል ወርከሩ፦ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው፣ ሊፍት የለም፣ ድሬሲንግ የምትለውጥለት እህቱ ናት፤ ከሰኞ ጀምራ መጥታ ትማር።

ቃለ ጉባኤው ላይ የሚገባው ይህ ሁሉ ንግግር አይደለም። አራት መስመር ነው፦ ስፕሊንቱ ዛሬ እንደገና ይለካል፣ በእገሊት፤ ማስታገሻው 8:15 ይሰጥ፣ በእገሌ፤ የምግብ ማቆሚያ ሰዓት ረቡዕ እስከ ማታ 8 ይጻፍ፣ በአንስቴዥያ ሐኪሙ፤ እህቱ ሰኞ 10 ሰዓት ትምጣ፣ በሶሻል ወርከሩ። የሥራ ባለቤትና ጊዜ የሌለው መስመር አይግባ። በዚያው ቀን ይኸው አራት መስመር በታካሚው ቻርት ውስጥም መኖር አለበት፤ ማስታወሻው አስተባባሪዋ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ከቀረ ለገምጋሚው እንዳልተደረገ ነው።

ታካሚው ወይም እህቱ እንግሊዝኛ የማይችሉ ከሆነ ይህ የስብሰባው ጉዳይ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ባሉ ሆስፒታሎች አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ብርቅ አይደለም፣ ቡድኑ ውስጥም አማርኛ የሚችል ነርስ መኖሩ አይቀርም። ያ ነርስ ግን በሆስፒታሉ ብቁ አስተርጓሚ ተብሎ ካልተመዘገበ የፈቃድ ፊርማና የቤት እንክብካቤ ትምህርት ላይ አስተርጓሚ ሆኖ አይቁም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎሚያ ማድረግማ፣ ለደኅንነት አስጊ የሆነ አስቸኳይ ሁኔታ ካልሆነ በቀር፣ በፌዴራሉ ደንብ የተከለከለ ነው። ቻርቱ ላይ «በልጁ አማካይነት ተነገረው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ከጉብኝቱ በፊት አውቃችሁ፣ አሠራሩን አስተካክላችሁ ጠብቁ።

ክፍሉና ስክሪኑ

በርቀት የሚሳተፍ ሰው ካለ አንድ ማይክሮፎን ጠረጴዛው መሐል ይሁን፣ ሁለት ላፕቶፕ ድምፃቸው ተከፍቶ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ማስተጋባቱ ሰው ያሳብዳል። አብዛኛው ሰው በአካል ቢሆን ይመረጣል፤ ከአሥሩ ሰባቱ በስክሪን ከሆኑ ማን እንደተሳተፈ፣ ማንስ ስክሪኑን አጥፍቶ ሌላ ሥራ ላይ እንደሆነ አይለይም። ስክሪን ላይ የሚወጣው የታካሚዎች ዝርዝር የቡድኑ ብቻ ይሁን፤ ኢሜይላችሁ ወይም የሌላ ክፍል ታካሚ ስም ብቅ እንዳይል ማሳወቂያዎችን አጥፉ። ነጭ ሰሌዳው ከአንድ ቀን በፊት ይጥፋ፣ የድሮ ስሞች ሁልጊዜ እዚያው ናቸው።

ወንበር ቁጠሩ። ገምጋሚው ቆሞ የሚያዳምጥበት ስብሰባ አጭር ነው የሚሆነው። እነሱን ከጠረጴዛው ራስጌ አታስቀምጡ፤ ሁሉም ንግግሩን ወደነሱ ያዞራል። ጎን ላይ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ።

ምድብ ሥራው ላይ የሚቀሩትንም አትርሱ። ሁለት የአይ ሲ ዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነርሶች ስብሰባ ከገቡ የማን ታካሚ ማን ያያል የሚለው በስም ይጻፍ። ስብሰባው በሚካሄድበት ሰዓት ሄሊኮፕተር አዲስ ታካሚ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ስብሰባውን መበተን አያሳፍርም፣ ማን ይሄዳል ማን ይቀራል ብሎ መደናገጥ ነው እንጂ። ቀድሞ የተመደበው ሐኪምና ተረኛ ኃላፊዋ ነርስ ይነሡ፣ የቀሩት ይቀጥሉ።

አገር ቤት ላሉ

ኢትዮጵያ ውስጥ የምትሠሩ፣ ለምሳሌ በየካቲት 12 ወይም ቃጠሎ በስሙ ውስጥ በገባበት በአቤት ሆስፒታል ያላችሁ፣ ይህን ስታነቡ «ፋርማሲስቱ፣ ሥነ ምግብ ባለሙያዋ፣ ሶሻል ወርከሩ የታሉ?» ትሉ ይሆናል። ይህ የአሜሪካ ማረጋገጫ እናንተን አይመለከትም፤ የጤና ሚኒስቴር የሆስፒታል አገልግሎት ትራንስፎርሜሽን መመሪያ ሲገመገም ግን የቡድን ሥራ ማሳየት ስለሚያስፈልግ ምርጫው ተመሳሳይ ነው። ያኔ አምስት ሰው ይበቃል፦ ሐኪም፣ ኃላፊ ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ አንስቴቲስት፣ እና የአስታማሚዎቹን ነገር የምታውቀው ነርስ። የመጨረሻዋን የምንጨምረው ታካሚው ዛሬ ምን እንደበላ የምታውቀው እሷ ስለሆነች ነው። ምግቡ ከቤት በሚመጣበት ክፍል «ፕሮቲን ይጨመር» ብሎ ማዘዝ ትእዛዙን ማንም ሳይፈጽመው እንዲቀር ያደርጋል፤ «እንቁላል ሁለት፣ ጠዋትና ማታ፣ ለእናቱ ተነግሯታል፣ ነገ ይጠየቃል» ብሎ መጻፍ ግን ሳምንቱ ሲያልቅ ሊቆጠር የሚችል ነገር ነው።

ከጉብኝቱ በፊት ባለው ዓርብ

የመጨረሻውን ፍተሻ ሁለት ሰው ያድርገው፣ አንዱ ክፍሉ ውስጥ የማይሠራ ቢሆን ይመረጣል። ያለፉትን የሦስት ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ይውሰዱና ከእያንዳንዱ ሁለት መስመር መርጠው ቻርቱ ውስጥ ይፈልጉ። ስድስት መስመር ነው። የተገኘው ስድስት ከሆነ በሰላም ሂዱ። ሦስት ብቻ ከተገኘ ችግሩ ስብሰባው ላይ አይደለም፣ ከስብሰባው ወጥቶ ቻርት ላይ የሚጽፈው ሰው አልተሰየመም፤ ዓርብ ከሰዓት አንድ ሰው በስም መድቡ፣ ለስብሰባው የሚመጣውም የመገኘት ፊርማ ወረቀቱን፣ ትርፍ ብዕርና የኤክስቴንሽን ገመድ ይዞ ይምጣ።